የማዳም አራክሲ ቀይ

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ መሪ በታክሲ ስመለስ፣ ጉርድ ሾላ ጋ ሼዳችን ፈርሶ አየሁት። ቆርቆሮው ተነቅሏል፣ ግድግዳው ወድቋል፣ መሬቱ ለመንገድ ተደልድሏል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ትነካካለች። «እዚያ ጋ ነበር የምንሠራው» አልኳት፣ ለሰው መናገር አምሮኝ። ቀና ብላ አየችና «ምን ነበር የምትሠሩት እማማ?» አለችኝ። ምንጣፍ ነው አልኳት። «የቻይና?» አለች። መልስ ሳልሰጣት «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች።

ለእሷ መልስ ልጽፍ አይደለም የተነሣሁት። አስካለ የምትባል የሥራ ጓደኛ ነበረችኝ። በአንድ ቀለም መበላሸት የተነሣ ስሟ ጠፋ፣ ስሟ እንደጠፋም ሞተች። ያንን ነው ማቅናት የምፈልገው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ እዚያው ሥራ ቤታችን ግቢ፣ የሱፍ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። አፌም እንደዚሁ ነው፣ አንዱን ስይዝ አንዱን እጥላለሁ።

ከእናቴ ልጀምር። እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ጎሕ ሲቀድ እንጦጦ ትወጣለች፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስባ፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ሸክም አዝላ ትወርዳለች። ገመዱ የሚያርፍበት ትከሻዋ እንደ ጫማ ሶል ደንድኖ ነበር። የደን ጥበቃዎቹ ከያዟት እንጨቱን ይነጥቋታል፤ ክፉ ቀን ከሆነ ደግሞ በዚያው ጭራሮ ይገርፏታል። እኔም በዚያው መንገድ እንደምሄድ ማንም አልተጠራጠረም ነበር።

ከማዳም አራክሲ ጋር ያገናኘን የእናቴ ቀሚስ ነው። ማዳም አርመን ናቸው። እናታቸው ወገኖቻቸው ሲታረዱባቸው በልጅነት ተሰደው፣ ካገር አገር ዞረው እዚህ የደረሱ ሴት ነበሩ። ሲሰደዱ የያዙት ነገር ቢኖር የምንጣፍ ሥራ ነው፤ እሱም እጃቸው ላይ ያለ። ከዚያ ሌላ በቀሚሳቸው ጠርዝ ሰፍተው ያመጡት ትንሽ ዘር ነበር፤ ቀይ ቀለም የሚወጣበት የአንድ ተክል ዘር። እዚህ ሲዘሩት ክረምቱ አበሰበሰው። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ሱፍ ብቻ ይዘው ነበር የሚሠሩት። «ቀይ የሌለው ምንጣፍ ፊት የሌለው ሰው ነው» ይሉ ነበር ማዳም። እናታቸው ቀይ ሳያዩ ሞቱ።

አንድ ቀን ማዳም ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ በኩል፣ ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው እንጨት ተሸካሚዎቹ ሲወርዱ ያያሉ። እናቴ ስታልፍ ዐይናቸው ቀሚሷ ላይ ተተከለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቁሚ!» ይላሉ። እናቴ የጥበቃ ሰዎች የላኩባት መስሏት ሸክሟን ጥላ ልትሮጥ! ማዳም ደርሰው መሬት ላይ ተንበረከኩና ቀሚሷ ጠርዝ ላይ የተጣበቀውን ሐረግ እየላቀቁ ያሸቱ ጀመር። እኛ ለዚያ ሐረግ ስምም አልነበረን፤ ልብስ ያዥ ነበር የምንለው፣ ስታልፊ ይዞ ስለማይለቅ። «ሥሩ የት አለ? ሥሩን አምጪልኝ» አሏት። እናቴ «ይቺ ፈረንጅ አብዳለች» እያለች ሄደች፤ ግን በማግሥቱ ቆፍራ አመጣችላቸው። ማዳም በጥርሳቸው ሰበሩት። ውስጡ ቀይ ነበር። የእናታቸው አገር ተክል የሩቅ ዘመድ ኖሯል፣ ስንት ዘመን ሙሉ ከበራቸው በላይ ተራራው ላይ ተኝቶ።

እኔ ያኔ ጡት ላይ ነበርኩ፤ እናቴ ናት ደጋግማ የነገረችኝ። ሥር እየቆፈረች ስታመጣላቸው ኖረች። እኔ ጠና ስል ማዳም «ይቺን ለእኔ ስጪኝ፣ ጀርባዋ ሳይጎብጥ» አሏት። እንዲህ ሆኖ ነው ከጭራሮ የተረፍኩት። አስካለም የእንጨት ተሸካሚ ልጅ ነበረች፤ ከእኔ ጥቂት ቀደም ብላ ገብታለች።

የማዳም አማርኛ ቆንጆ ነበር፤ ወንድና ሴት ብቻ አይለይላቸውም። ዘበኛው ጋሽ ደምሴ ጢማም፣ ግዙፍ፣ የቀድሞ ወታደር ነው። «አንቺ ደምሴ፣ በር ክፈቺ!» ይሉታል በጠዋቱ። «መጣሁ ማዳም፣ ሻሼን ልሰርና» ይላል። እኛ እንፈነዳለን። እሳቸው ምን እንደሚያስቀን አይገባቸውም፣ «ሥራ፣ ሥራ!» ብለው ያጨበጭባሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ድሩ በቆመ እንጨት ላይ ከላይ እስከ ታች ይወጠራል። ሴቶቹ ተደርድረን ፊቱ እንቀመጣለን። ሁለት የድር ክር ትይዢያለሽ፣ ሱፉን ትጠመጥሚበታለሽ፣ ወደ ታች ትስቢና በትንሽ ቢላ ትቆርጫለሽ። ይህ አንድ ቋጠሮ ነው። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ ይገባል፣ በብረት ማበጠሪያ ይደበደባል፣ እንደገና ሌላ ረድፍ። ጌጡን አይተን አልነበረም የምንሠራው፤ ማዳም ከኋላችን እየተንጎራደዱ ይጠሩልን ነበር። ቀለሙን በአማርኛ፣ ቁጥሩን በአርመን። «ነጭ መግ! ቀይ ዬሬክ! ጥቁር ዬርጉ!» ነጭ አንድ፣ ቀይ ሦስት፣ ጥቁር ሁለት ማለት ነው። ያልተማርን ነን ብዬ የለ፤ ማዳም የጠሩትን ግን ጣታችን ይሰማል። ዛሬም ጉልት ሄጄ ሽንኩርት ስመርጥ በሆዴ «መግ፣ ዬርጉ፣ ዬሬክ፣ ቾርስ» እላለሁ።

ቋጠሮ ሲበላሽ ማዳም አይቆጡም። መጥተው አጠገብሽ ቁጢጥ ይላሉ፣ በቢላቸው ጫፍ ይፈቱታል፣ የወጣችውን ቁራጭ ሱፍ ጉልበትሽ ላይ ያስቀምጡልሻል። በቃ። ያቺን ቁራጭ ይዘሽ ቤትሽ ትሄጃለሽ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ትራስ የሚሞላ ሰበሰብኩ። አስካለ ግን አንዲት ብቻ ነው ያላት እያሉ ያበሽቁኝ ነበር፤ እሷም አልካደችም።

ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። እኔ የሥሩ ሰው ነበርኩ፤ አደርቃለሁ፣ በሙቀጫ እወቅጣለሁ፣ እዘፈዝፋለሁ። አስካለ የእሳቱ ሰው ናት። ከመንዝ የሚመጣው ሱፍ መጀመሪያ እንደ ጨው ካለ ነጭ ድንጋይ ጋር ይቀቀላል፤ እሱን ከመርካቶ ነበር የምናስመጣው። ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ከሥሩ ጋር ይገባል። እሳቱ ላይ ነው ጥንቃቄው። ከፈላ ቀዩ ይሞታል፣ ቡናማ ይሆናል። ውሃው እጅሽን ከተሽ የምትታገሽው፣ ግን የማትወጂው ያህል መሞቅ አለበት። እንዲያ ነበር የማዳም አለካክ። አስካለ እሳቱን በአንድ ጭራሮ ታስተካክለው ነበር። አንዱን ትጨምራለች፣ አንዱን ትስባለች፣ እጇን ትከታለች። እንደ ሕፃን ገላ ማጠቢያ።

ውሃው ደግሞ ከእንጦጦ ነው የሚመጣው። ከራጉኤል ወደ የካ በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ አንዲት ምንጭ ነበረች፤ ከዚያች በቀር ማዳም ለቀይ ሌላ ውሃ አያስነኩም። በግቢው የጉድጓድ ውሃ አለ፣ ወራጅ ወንዝ አለ፤ የለም፣ አህያ ተጭኖ ከዚያች ምንጭ ይምጣ። ሲመጣ ያማትቡና በመዳፋቸው ጨልፈው ይቀምሳሉ። ወይ «ይሁን» ይላሉ፣ ወይ «አይሆንም»። አይሆንም ካሉ በዚያ ቀን ቀይ የለም።

እንግዲህ እኛ ምን እንበል? ሰዉ ያቺን ምንጭ ጸበል ይላታል። ማዳም ያማትባሉ። አይሆንም የሚሉት ደግሞ በብዛት በነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ጾም ላይ። የእነሱም ቤተ ክርስቲያን ፍልሰታን ይጾማል ሲሉ ሰምተናል። ስለዚህ ለእኛ ነገሩ የታወቀ ነበር፤ ማዳም ለጾሙ ብለው ነው ቀይ የማይነክሩት፣ ውሃዋም የምትፈለገው ለበረከቷ ነው። እንዲያውም ወደድናቸው። ሃይማኖት ያላት ፈረንጅ ብለን። ማናችንም ለምን እንደሚቀምሱ አልጠየቅንም። ጸበል ለምን ይቀመሳል ተብሎ ይጠየቃል?

አንድ ነገር ብቻ እናጉረመርም ነበር። በዚያች ውሃ ልብስ አይታጠብም። ሳሙናው አያረፋም፣ ነጭ ነጭ እየሆነ ልብሱ ላይ ይጋገራል። «ጸበል ስለሆነች ነው፣ እድፍ አትወድም» ትል ነበር አስካለ። እንስቅ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ግቢው ተወሰደ። ማዳም በገዛ ቤታቸው ደመወዝተኛ ሆኑ፤ ከኋላ ያለችው አንዲት ክፍል ተተወችላቸው። አርመኖቹ ብዙዎቹ ሲሄዱ እሳቸው «የት ልሂድ? እናቴ እዚህ ነው የተቀበረችው» ብለው ቀሩ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር። በቆርቆሮ የታሸገ ቀይ ዱቄት አስመጣና «ከዚህ በኋላ ተራራ መቧጠጥ የለም» አለን። ያማረ ቀይ ነበር። በዓመቱ ፀሐይ የነካው ሁሉ እንደ ታመመ ሰው ገረጣ። ማዳም ከገረጣው ምንጣፍ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ወዲያ አህያዋ ወደ ምንጯ ተመለሰች።

ማዳም የሞቱት ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው። ዐይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ እጃቸው ግን ሱፍ ካልያዘ አይተኙም። እኔና አስካለ በየተራ እናስታምማቸው ነበር። መጨረሻ ላይ የአስካለን እጅ ያዙና «ከዚያች ምንጭ እንዳትለዩ» አሏት። «እሺ ማዳም» አለች እያለቀሰች። «ማይልኝ።» ማለች። ከዚያ እስከ ተራራው ወጥታ በጠርሙስ ውሃ አመጣችና ከንፈራቸውን አራሰችላቸው። እኛ የገባን ያ ነበር፤ ለነፍሳቸው።

አሁን ሳስበው፣ ማዳምም ምክንያቱን የሚያውቁት አይመስለኝም። እናታቸው ለሱፍ ማጠቢያም ቢሆን ውሃ ይቀምሱ ነበር፣ እሳቸውም ቀመሱ። ከሩቅ አገር የመጣው ዕውቀት በእጅና በምላስ ነው የመጣው፤ ቃል አልነበረውም። ቃል ስላልነበረው እኛ የራሳችንን ቃል ሰጠነው።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በማኅበር ተደራጀን። ብዙ ዓመት እንዲሁ ከእጅ ወደ አፍ ሠራን። ኋላ የድሮው ግቢ ለሌላ ነገር ተፈለገና ጉርድ ሾላ ሼድ ተሰጠን። ሼዱ ቧንቧ ነበረው! ቧንቧውን ስንከፍተውና ውሃው ሲፈስ እልል ብለናል፤ አንዷ እንዲያውም ተንበርክካ ስማዋለች። አህያ የለ፣ ተራራ የለ።

አስካለ ግን መሐላዋን አልረሳችም። በየሳምንቱ እንጦጦ ትወጣለች፣ ከምንጯ በጠርሙስ ትቀዳለች፣ ቀይ ልንነክር ስንል በርሜሉ ላይ በስመ አብ ብላ ትረጫለች። ከምንጯ አልተለየንም ማለት ነው። ልባችን ሙሉ ነበር።

አንድ አዲስ የሚከፈት ሆቴል ለአዳራሹ ትልቅ ምንጣፍ አዘዘን። እንደዚያ ያለ ሥራ ከማዳም ጊዜ ወዲህ አይተን አናውቅም። በናሙና ያዩት ቀይ ከድሮው ግቢ ነክረን ያመጣነው ነበር፤ በእሱው ጀመርን። ምንጣፉ እየወጣ ሲሄድ አሮጌው ቀይ አለቀና በአዲሱ ቤት የመጀመሪያውን በርሜል ነከርን። ሱፉ ሲወጣ የሸክላ መልክ ይዟል። አስካለ ቱባውን ወደ ብርሃን አወጣችው፣ አገላበጠችው።

«ይሄ ቀያችን አይደለም» አለች። «እናቁም።»

«እርጥብ ስለሆነ ነው» አለች የማኅበሩ ሰብሳቢያችን። «ሲደርቅ ይፈካል።»

ደረቀ፣ አልፈካም። እንደገና ነከርን፤ እኔ ሥር ጨመርኩ፣ አስካለ እሳቱን ቀነሰች፣ ጸበሉንም አበዛች። ያው ሸክላ። ቀጠሮው ደርሷል፣ ሰዎቹ ይደውላሉ። «ሲታጠብ ይፈካል» ተባለና ቋጠርነው። አስካለ እየቋጠረች «ፈጣሪ ይወቅልኝ፣ እኔ አቁሙ ብያለሁ» ትል ነበር።

ጨርሰን ግቢው ውስጥ ዘርግተን አጠብነው። ከመካከሉ ጀምሮ ቀለሙ ለቀቀ። ፋሻ ላይ እንደሚሰራጭ ደም በነጩ ላይ እየተሰራጨ ሄደ። ውሃ በላዩ በደፋን ቁጥር ባሰ። ሴቶቹ በባዶ እግራችን እላዩ ላይ ቆመን ነበር፤ ማንም ቀድሞ ሊወርድ አልፈለገም። የሆቴሉ ሰው መጥቶ አየ። ግማሹ የማዳም ቀይ፣ ግማሹ ጭቃ። «እማማዎች፣ ምን ሆናችሁ ነው?» ብቻ አለ። ቢሰድበን ይቀለን ነበር።

በማግሥቱ ስብሰባ ተቀመጥን።

«እሳቱን ማን ነበር የያዘው?» አለች ሰብሳቢያችን።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይዞ ያውቃል?» አለች አስካለ።

«ቡናማ የሚሆነው ሲፈላ ነው። ማዳም ያሉት ነው፣ ሁላችንም የምናውቀው።»

«አልፈላም! እጄን ከትቼ ነው የለካሁት። ይኸው እጄ፣ እዩት፣ ተቃጥሏል?»

«የአንቺ እጅ ምኑ ይቃጠላል፤ የበሬ ቆዳ ሆኖ የለ!» አለች አንዷ ከኋላ።

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ መሳቂያ ያገኘ ሰው እንደሚስቅ ነው የሳቁት። እኔ «ሥሩም አለ፤ ሥሩ የእኔ ነው፣ እኔንም ጠይቁኛ» ብዬ ተነሣሁ። ማን ሰምቶኝ። እሳቱ ካልሆነ ምንድን ነው ሲሉኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። አስካለ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ ቢላዋን ከመቀመጫዋ ላይ አንሥታ ሄደች። ማኅበሩም ብዙ አልቆየ፤ ያዘዘን ሁሉ ተወን፣ ሴቶቹ ተበተንን። ከዚያ ወዲያ የትም ሰፈር ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ወሬው አንድ ነው፤ «አስካለ እሳት አብዝታ ነው ቤታችን የፈረሰ።»

እኔ እዚያው ጉርድ ሾላ ቢሮ አጸዳ ጀመር፣ ጉልበቴ እንቢ እስኪል። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ወለል ያው ወለል ነው። አስካለ ግን ወደ እናቶቻችን ሥራ ተመለሰች። አንድ ጊዜ ለንግሥ ወደ ራጉኤል ስወጣ መንገድ ላይ አየኋት። ከጭራሮው ሥር ጎንበስ ብላ ትወርዳለች፤ ፊቷ አይታይም፣ በአካሄዷ ነው የለየኋት። «አስኩዬ!» አልኳት። «ካቆምኩ መነሣት አልችልም፣ እለፊ» አለችኝ። ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ያ ሐረግ ተጣብቆባት ነበር። አላየችውም፣ ወይ አይታ ትታዋለች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ንግሡንም አላየሁት።

አሁን የምኖረው መሪ፣ ከልጄ ጋር ኮንዶሚኒየም ነው። ከበታቻችን ያለችው አማረች ከጨንቻ የመጣች ናት፤ ባሏ ሸማኔ፣ እሷ ፈታይ። እንደ ልጄ ናት። ባለፈው በጋ ቧንቧው ለብዙ ቀን ጠፋና ቦቴ መኪና ከሆነ ጉድጓድ ውሃ ጭኖ አመጣልን። ግቢው ሁሉ ልብስ ማጠቢያ ሆነ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። አማረች ሳሙናውን ወረወረችው።

«እማማ፣ ይሄን ይዩልኝ! ይሄ ውሃ ሳሙና ይበላል እንጂ አያረፋም። ልብሴ ላይ ኖራ ሆነብኝ እኮ!»

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። የአስካለ ድምፅ ነው የመጣብኝ፤ «ጸበል ስለሆነች ነው፣ እድፍ አትወድም።» ተነሣሁ፣ በመዳፌ ጨለፍኩ፣ ቀመስኩ። የማዳም ምንጭ ነበረች፣ ምላሴ ላይ። ከኋላ የምትመጣ የድንጋይ ጣዕም አለቻት። የቧንቧውን ውሃ ስንት ዓመት ጠጥቼዋለሁ፤ እሱ እንደ ዝናብ ነው፣ ምንም ነገር የለውም። ዝናብ! በነሐሴ ዝናቡ ምንጯ ውስጥ ሲገባ ነበር ማዳም አይሆንም የሚሉት። ጾሙ አልነበረም። በረከቱም በጠርሙስ የሚረጭ አልነበረም፤ በርሜሉ ሙሉ የዚያ ድንጋይ ውሃ መሆን ነበረበት።

አማረች «እማማ፣ አመመዎት?» እያለች ደገፈችኝ።

ወዲያው ይዣት እንጦጦ ወጣሁ፤ ጉልበቴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። ምንጯን አጣኋት። በነበረችበት ድንጋይ ተነጥፏል፣ ሰዎች ነጫጭ ጫማ አድርገው ስፖርት ይሠራሉ። ሐረጉ ግን ከአጥሩ ወዲያ አለ። አማረች ቀሚስ ላይ ተጣበቀላት። ሥሩን ቆፍረን አደረቅነው፣ ወቀጥኩት። ቦቴው እንደገና ሲመጣ ሁለት ድስት ጣድኩ፤ አንዱ በቦቴው ውሃ፣ አንዱ በቧንቧው። ያው ሥር፣ ያው ሱፍ፣ ያው እሳት። እጄን ከትቼ ለካሁ፣ እንደ አስካለ። ስናወጣው የቧንቧው ሸክላ ሆኖ ወጣ። የቦቴውን አማረች ስታነሣው «ውይ!» ብላ ልትለቀው ነበር። ቀዩ ነበር። ሁለመናው ቀይ።

ቱባውን በነጠላዬ ጠቅልዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ከእንጦጦ ግርጌ በተከራየቻት ክፍል ተኝታ አገኘኋት፤ ደረቷ ታሞ ከተኛች ሰንብታለች። ሁለቱንም ቱባ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩና ነገርኳት። ቀዩን አነሣችና ከንፈሯ ላይ አስነካችው፣ ማዳም አዲስ የተነከረ ሱፍ ሲወጣ እንደሚያደርጉት።

«ሳሙና የማያረፋው ውሃ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እኮ እረጭ ነበር፣ በላይነሽ። በጠርሙስ። ያንን ሁሉ ዳገት።» ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። እስኪተዋት ደግፌ ያዝኳት። «ለካ ማዳምን ታዝዣቸው ሳልታዘዛቸው ቀረሁ።»

«እሳትሽ ልክ ነበር አስኩዬ። ይኸው፣ እኔው በእጄ ለካሁት።»

«እኔማ አውቄዋለሁ። ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «የሳቁት የት አሉ? ሰብሳቢያችን ሞተች። ያቺም አፈኛዋ ሞተች። የቀሩት የት እንደገቡ ማን ያውቃል። እሳቱ ነው ብለው ነው የሞቱት። ለማን ትነግሪልኛለሽ?»

«እጽፈዋለሁ» አልኳት።

«አንቺ? ‹ሀ›ን እንኳ አጣመሽ ነበር የምትጽፊያት።» ቀዩን ቱባ ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ «ጻፊው» አለች።

ቀዩን ቱባ ከእጇ አልወሰድኩባትም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ቀብሯ ላይ ከድሮው ሥራ ቤት የመጣነው እኔና አንዲት የማትሰማ ሴት ብቻ ነበርን። ለቅሶ ቤት አንዷ ጎረቤት «ምንጣፍ ትሠራ ነበር አሉ፤ ኋላ አንድ ነገር አቃጥላ አስወጧት ይባላል» ስትል ሰማኋት። «ምንም አላቃጠለችም» አልኳት። «እሺ እማማ» አለችኝ፣ ሽማግሌ እንደሚያባብሉ።

ምንጣፉ አልቋል። የእኔ ጣት አይታጠፍልኝም፣ ቁጥሩን በአርመን የሚጠራ የለም። ቀዩ ግን አማረች ጋ አለ። ባሏ በሚሠራው ጋቢ ጠርዝ ላይ ያስገባዋል፣ ሰው ይወደዋል። በቀደም ውሃ መጣና ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። ሳልነግራት በመዳፏ ጨለፈች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«አይሆንም እማማ» አለችኝ። «ዛሬ ልብስ እንጠብበት።»

እኔም ገባሁና ወረቀቴን አወጣሁ። ያቺ ታክሲ ውስጥ የነበረችው ልጅ ይህ ቢደርሳት፣ የቻይና አልነበረም። ጥበቡ ከአርመን አገር በአንዲት ስደተኛ እጅ መጥቶ፣ በእንጨት ተሸካሚ ልጆች እጅ የኖረ ነው። የተበላሸውም በማንም እጅ አይደለም፤ በውሃው ነው። ከሥራ ቤታችን ሰፈር የነበራችሁ፣ ስለ እሷ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ይህን ያዙልኝ፤ የአስካለ እሳት ልክ ነበር።